አንዲት ቃል ቀይሬ የሸጥኩት ልቅሶ

ወልድያ ውስጥ ከሆስፒታሉ ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስወርድ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። መጀመሪያ ክራሩ፣ ቀጥሎ ኦርጋኑ፣ ከዚያ እኔ መጣሁ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እንዴ፣ መናኸሪያ አላልሽኝም?» አለ ዞር ብሎ።

«ሐሳቤን ቀየርኩ፤ እዚሁ ጣለኝ።»

ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ ቀሪውን መንገድ በእግሬ ወረድኩት። ሾፌሩ ዘፋኟ እኔ መሆኔን አላወቀም። በዘፈኑ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በመልክ አያውቀኝም፤ ዘፈኑ የተጫነበት የኢንተርኔት ቻናል ላይ የተለጠፈው ፎቶ የሌላ ቆንጆ ነው። እኔንማ ማን ፎቶ ላይ ያወጣኛል!

ሌላ ሰው ቢሆን ዘፈኑ በየባጃጁ ሲከፈት ደስታ ያሳብደው ነበር። እኔ ግን ያን ሰሞን ድምፄን በሰማሁ ቁጥር ልቤን ቅር ይለዋል። ምክንያቱም ያ ዘፈን ዘፈን አይደለም፤ የእናቴ ልቅሶ ነው። ለሞተው ታላቅ ወንድሜ ያወጣችው ልቅሶ ነው። እኔ አንዲት ቃል ቀይሬ የፍቅር ዘፈን አስመስዬ ሸጥኩት። እናቴ ደግሞ ያኔ ገና አልሰማችም ነበር።

እናቴ መርሳ ውስጥ አልቃሽ ናት። በገንዘብ የምታለቅስ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው እንኳ አምስት ሳንቲም ልስጥሽ ቢላት ቤቱን ረግጣ ትወጣለች። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታደገድጋለች፣ ልቅሶ ቤት ትደርሳለች፣ ከመጀመሯ በፊት ግን ቤተሰቡን ጥግ ይዛ ትጠይቃለች። ሟቹ ጠዋት ምን በላ? መጨረሻ ላይ ምን ተናገረ? ምን ይወድ ነበር? ከዚያ ተነስታ ሁለት ስንኝ ብቻ ትላለች። ሁለት ስንኝ፣ በቃ። አብሯት ያላለቀሰ ሰው አላየሁም።

አንድ ሥርዓት ግን አላት። ለአንድ ሟች ያወጣችው ቃል ከቀብሩና ከአርባው ውጪ አይደገምም። ወጥ ስትሠራ አታንጎራጉረውም፣ ሰው ቢለምናት አትናገረውም። ለምን ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሟች ሳይኖር ከተባለ ማረፊያ ያጣል። ማረፊያ ያጣ እንደሆነ ቤት ለቤት ሟች ይፈልጋል» አለችኝ። ሞት ይርሳኝ፣ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከጓደኛዬ ጋር በጨርቅ አሻንጉሊት የቀብር ጨዋታ ስንጫወት፣ እናቴ ለአንድ ሽማግሌ ያወጣችውን ልቅሶ ቃል በቃል ስደግመው ሰምታኛለች። በርበሬ አፌ ውስጥ ጨመረችብኝ፣ ደጃፉ ላይ ውሃ ደፋች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሳምንቱ የጎረቤታችን ሕፃን ሞተ። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ታማሚ ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከሀብሩ መስኖ ሽንኩርት ጭኖ ከወልድያ በላይ ያለውን ዳገት ሲወጣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተና ተገለበጠ። እኛ ስንደርስ እሱን በጋቢ ሸፍነውታል። ሽንኩርቱ ከላይ እስከ ታች መንገዱን ሞልቶት ሰው እየለቀመ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ አንዳንዶቹ እያለቀሱ ይለቅማሉ። እናቴ ያን አየች። በቀብሩ ላይ ያወጣችው ልቅሶ ስለዚያ ነበር። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዴ ያደረግሁት ይበቃል። ሐሳቡ ብቻ፣ ሽንኩርቱን እንኳ የሚለቅመው አገኘ፣ አንተን ማን ይለቅምልኝ ልጄ፣ የሚል ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ዓረብ አገር ነበር። ለቀብሩም ለአርባውም አልደረሰም። ኋላ ተመልሶ መጥቶ ያችኑ መኪና አስጠግኖ መንዳት ጀመረ። እናቴ መኪናዋ በደጃፋችን ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች እንጂ አትንዳ አላለችውም። እንጀራ ነዋ፣ ምን ትበለው።

እኔ የሠርግ ዘፋኝ ነኝ። ከጥር እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ድንኳን የተተከለበት ሁሉ አለሁ። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚያበላ የማያውቅ ሰው ግንባሬ ላይ የሚለጠፈውን ብር አይቶ ሀብታም ያደርገኛል። ኧረ ወዲያ! ከዚያ ላይ የድምፅ ማጉያው ባለቤት ድርሻ አለው፣ ኦርጋን መቺው አለው፤ ለእኔ የጉሮሮ ቁስልና የሳምንት አስቤዛ ይተርፈኛል። በጾም እሱም የለም። ደህና የሚከፈላት ዘፈን ያላት ዘፋኝ ናት፤ የራሷ ነጠላ ዜማ ወጥቶላት ሰው የሚያውቃት። የሌላት የሰው ዘፈን እየዘፈነች ታረጃለች። እኔም ዘፈን እንዲኖረኝ ፈለግሁ።

ነጠላ ዜማ የሚወጣው ደግሞ ከዘፋኙ ኪስ ነው። ግጥሙን ከገጣሚ፣ ዜማውን ከዜማ ሠሪ ይገዛል፣ ለአቀናባሪ ይከፍላል፣ ስቱዲዮ በሰዓት ይከራያል። ሁሉም ካለቀ በኋላ የተቀዳውን ይዞ አሳታሚ ደጅ ይጠናል። የድሮዎቹ ሲያወሩ እንደሰማሁት በካሴት ጊዜም ነገሩ ያው ነበር፤ ሙዚቃ ቤቱ አንዴ ይከፍልና የቱንም ያህል ቢያባዛ ዘፋኙ ተመልሶ አይጠይቅም። ግን ካሴት ያረጃል፣ ክሩ ይጠላለፋል፣ ቴፑ ይበላዋል። የአሁኑ አያረጅም። ይህን በጊዜው አላሰብኩትም።

ስቱዲዮው ወልድያ ከሱቆች ጀርባ ያለች ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶንና በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። የሦስት ሠርግ ገቢዬን አጠራቅሜ የግማሽ ቀን ኪራይ ከፍዬ ገባሁ። ግጥሙን የሸጠልኝ ሰው ስልክ ሳነሳለት ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይቅርታ እህቴ፣ ደሴ ያለች ዘፋኝ የተሻለ ሰጠችኝና ለሷ ሸጥኩት፤ ላንቺ ሌላ እጽፍልሻለሁ።» እንዴት አባቱ! ገንዘቡን እንኳ ስንት ወር ለምኜ ነው የመለሰልኝ። ያን ቀን ግን የስቱዲዮው ሰዓት እየነጎደ፣ ክራር ተጫዋቹ እያዛጋ፣ እኔ በቁሜ ነደድኩ።

«ያለሽን በይ እስቲ» አለኝ አቀናባሪው። «ሰዓቱን አትጨርሺ። በትዝታ ቅኝት የምትችይው የሕዝብ ግጥም የለም?»

ስንት የሕዝብ ግጥም አለ! ሠርገኛው ሁሉ የሚያውቀው፣ ልጅ ሆኜ የተማርኩት። ታዲያ አፌን ስከፍት የመጣው የእናቴ ልቅሶ ነበር። ምላሴን ምን እንደነካው እንጃ። ምናልባት ስለተናደድኩ፣ ምናልባትም በዚያች በታፈነች ክፍል ውስጥ ማንም አይሰማኝም ብዬ ይሆናል። ስጨርስ ክራር ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

«ይሄን የት ደብቀሽው ነበር?» አለ አቀናባሪው። «የማን ነው?»

«የኔ» አልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ። ‹ልጄ› የሚለው ልቅሶ አስመስሎታል። ‹ውዴ› በይው።»

‹ውዴ› አልኩት። በሁለት ሰዓት ተቀድቶ አለቀ።

አሳታሚው ሰውዬ ቢሮው ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ለስላሳ የሚጋብዝ፣ «የኔ እህት» የሚል ሰው። ዘፈኑን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ከጠበቅሁት በላይ ገንዘብ ጠራልኝ። ከዚያ ወረቀት አቀረበ። ድምፁን፣ ግጥሙንና ዜማውን፣ ዛሬ ባለውም ወደፊት በሚፈጠረውም መንገድ ሁሉ፣ ለዘለቄታው አስተላልፌያለሁ ይላል። ድርጅቱ ኮንሰርት ሲያዘጋጅም ተገኝቼ እዘፍናለሁ ይላል።

«አንብበሽዋል?» አለኝ።

«አንብቤዋለሁ» አልኩ። ያነበብኩት የገንዘቡን መስመር ብቻ ነበር። ለዘለቄታው የምትለዋን ቃል ፈርሜ ደረጃውን ስወርድ ነው ያስታወስኳት፤ ያኔም አልተመለስኩም።

ዘፈኑ ከወጣ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። በየስልኩ፣ በየምግብ ቤቱ፣ በየሚኒባሱ ሆነ። ሰው ከሥሩ አስተያየት ይጽፋል። አንዱ «ሽንኩርት ብላ የፍቅርን እንባ! እንዴት ያለ ቅኔ ነው!» ብሎ ሲያደንቅ አነበብኩ። ወንድሜ፣ ቅኔ አይደለም፤ ሽንኩርት ነው። ከሀብሩ የተጫነ፣ አስፋልት ላይ የተበተነ ሽንኩርት። ልጽፍለት ጀምሬ ተውኩት።

ከዘፈኑ የሚገኘው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ። ሰው ባዳመጠው ቁጥር ከውጭ ለቻናሉ ባለቤት ይላካል። ቻናሉ የአሳታሚው ነው። እኔ አንዴ ተቀብያለሁ፤ እሷንም ለቤት ኪራይና ለጥርሴ ሕክምና ከፍዬ ጨርሻታለሁ። ይባስ ብሎ ያንኑ ዘፈን ሠርግ ላይ ስዘፍን የተቀረጸ ቪዲዮ ባለሠርጎቹ ቢለጥፉት ‹የባለቤትነት ጥያቄ ቀርቦበታል› ተብሎ ወረደባቸው። ተናድደው እኔኑ ሰደቡኝ። ያን ሰሞን ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ገንዘቡ ግን አልነበረም እንቅልፍ የነሳኝ። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወለልኝና «እህት ዓለም! ከወልድያ እስከ መርሳ አንቺን ብቻ ነው የምሰማው። ፍላሽ ላይ ጭኜሻለሁ፤ ሲያልቅ ራሱ እንደገና ይጀምራል» አለኝ። የሟቹ ልቅሶ፣ ሟቹ በሞተባት መኪና ውስጥ፣ ሲያልቅ ራሱ እንደገና እየጀመረ።

«እባክህ እሱን አትክፈት» አልኩት።

«ለምን?»

«ይደብራል።»

«አይ አንቺ! የራስሽ ዘፈን?» ብሎ ሳቀብኝ። ልንገረው አልኩና ፈራሁ። እሱ ካወቀ ለእናቴ ይደርሳል፤ ለእናቴ ከደረሰ ደግሞ… እዚያ ላይ ሐሳቤ ይቆማል።

በዚያው ወር ሲሪንቃ አጠገብ ጎማው ፈነዳ። «ምንም አልሆንኩ» ብሎ ደወለ። «ምን ከፍተህ ነበር?» አልኩት ሳላስበው። «አንቺን ነዋ!» አለ። ከዚያ ደግሞ አንድ ጠዋት ፍሬኑ አልያዝ ብሎት ከመንገድ ዳር አፈር ላይ አቆመው። ሾፌር ነው፣ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን የጎረቤታችን ሕፃን ትዝ ይለኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሄሎ ሳልል «የት ነህ?» ማለት ጀመርኩ።

እናቴን መሸሸግ ደግሞ ሌላ ሥራ ሆነ። ስልኳ ባለቁልፍ አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔት አያውቅም፣ ተመስገን። ቀብሩ ላይ የነበሩትም ልቅሶውን ቢያውቁት እንኳ ደፍሮ የነገራት የለም። ችግሩ ገበያ ነው። መርሳ በገበያ ቀን አንዱ ሱቅ ደጃፉ ላይ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ እኔን ያስጮኸኛል። እናቴን ክንዷን ይዤ በከብት ተራ በኩል አዞርኳት።

«ምን ፈልገሽ ነው በሬ መሐል የምታንከራትችኝ?» አለችኝ።

«ፍየል ልግዛ ብዬ።»

«ፍየል? አንቺ? የት ልታኖሪያት ነው፣ አልጋሽ ሥር?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን ወደ ሱቁ ነበር። ነፋሱ ወደኛ ከዞረ አለቀልኝ እያልኩ ፍየል አገላብጬ አየሁ። የማልገዛትን ፍየል ዋጋ እስክከራከር ድረስ ደረስኩ።

በመጨረሻ ቆረጥኩና አሳታሚው ቢሮ ሄድኩ። እንደልማዱ ለስላሳ አስከፈተልኝ።

«ዘፈኑን አውርዱልኝ» አልኩት።

«የቱን?»

«ያለኝ አንድ ነው። ገንዘብህን እመልሳለሁ፤ ሠርግ ሠርቼ በየወሩ እከፍልሃለሁ።»

ፈገግ አለ። «የኔ እህት፣ የሰጠሁሽን ብትመልሺ የሸጥሽልኝ አይመለስም። ዋጋው አሁን ሌላ ነው።»

ያኔ እንባዬ መጣና ሁሉንም ነገርኩት። ልቅሶ መሆኑን፣ የወንድሜ መሆኑን፣ ያወጣችው እናቴ መሆኗን፣ ሟች በሌለበት እንደማይባል። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ለዚህ ነዋ ሰው የወደደው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላም አላት?» አለኝ።

ጠርሙሱን ሳልነካው ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነው የኮንሰርቱን ማስታወቂያ ያየሁት፤ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በሁለት ሳምንቱ፣ ወልድያ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ግቢ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ያን ሰሞን በሰዓት እላፊ ምክንያት ሰው ሳይመሽ ቤቱ መግባት ስላለበት ኮንሰርቱም የቀን ነው።

«ያንን ሳልዘፍን ብወርድስ?»

«ትኬት የሚሸጠው ያ ነው» አለኝ። «ውሉም እሱን ነው የሚለው። የቢራው ስፖንሰር እንኳ የፈረመው ለሱ ነው።» አሁንም ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የኮንሰርቱ ቀን ግቢው ጢም አለ። በሩ ላይ ትኬት ይቆረጣል፣ ውስጥ ቢራ ይሸጣል፣ መኪና ማቆሚያው እንኳ ዋጋ አለው፤ ሁሉም በእኔ ስም ይሰበሰባል፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ግን ውሉ ላይ የተጻፈችው ቁርጥ ክፍያ ብቻ ናት። ሦስት የሠርግ ዘፈኖች ዘፈንኩ። ሕዝቡ በትዕግሥት ሰማኝ፤ የሚጠብቀው ሌላ እንደሆነ ያስታውቃል። አራተኛው ላይ ኦርጋን መቺው ጎንበስ ሲል፣ ከፊት ረድፍ ታናሽ ወንድሜ እጁን ሲያውለበልብ አየሁት። በአጠገቡ እናቴ ቆማለች።

ላስደንቃት ብሎ ነው። መድረክ ላይ አይታኝ አታውቅም፤ ዘፋኝ መሆኔንም አትወደውም ነበር። ጥለት ያለውን የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ልጇን ልታይ መጥታለች። አየችኝና በሁለት እጇ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ለኦርጋን መቺው በዓይኔ «ተው፣ ሌላ!» አልኩት። ድፍረት የሰጠሁት መሰለውና ድምፁን ጨመረው። ክራሩ ገባ። ሕዝቡ ጮኸ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ስል እናቴ እያጨበጨበች ነበር። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። አልተናደደችም፣ አላለቀሰችም፤ ዞር ዞር ብላ ነበር የምታየው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ። መጀመሪያ ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም። ኋላ ገባኝ፤ ሬሳውን ነበር የምትፈልገው። ልቅሶዋ እየተባለ ነው፤ ታዲያ የሞተው ማን ነው?

ከዚያ ወንድሜን ትክ ብላ አየችው። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አደገደገች፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ወጣ አለችና ልቅሶዋን ከእኔ ጋር ማለት ጀመረች፤ እኔ ‹ውዴ› ስል እሷ ‹ልጄ› ትላለች። ደረቷን መታች። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቦታ ለቀቀላት። እልል ተባለ። ስልክ ሁሉ ወደሷ ዞረ። አንድ ወፍራም ሰውዬ እየተወዛወዘ መጣና ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈላት፤ ሌላው ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ። አሳታሚው የቪዲዮ ቀራጩን ክንድ ይዞ ወደሷ ገፋው። ከዚያ ሕዝቡ ቃሉን ተቀበላት። ያ ሁሉ ሰው ቢራውን ከፍ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ «ልጄ! ልጄ!» አለ።

አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ ለሰው ስናገር ውሉን ፈርቼ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሕዝብ እንደዚያ አድርጎ ሲቀበለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት። አፈር ልብላ፣ አሳምሬ ነበር የዘፈንኩት።

ከመድረኩ ጀርባ ስደርስ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ አጠገቧ ቆሞ ወለሉን ያያል። ግንባሯ ላይ የቀረውን ብር አንድ በአንድ አንስታ አስተካክላ አጠፈችና እጄ ላይ አኖረችው።

«ያንቺ ነው» አለችኝ።

አሳታሚው እየሮጠ መጣ። «እማማ፣ ምን ዓይነት ድንቅ ሰው ነዎት! ቪዲዮው ነገ ይወጣል። አንዲት ወረቀት አለች፣ ጣትዎን ቢያሳርፉልኝ…»

ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ ይሄን ዕቃ የገዛኸው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«በል፣ ይባረክልህ» አለችው። ጣቷን አላሳረፈችም። እሱ ምርቃት መስሎት እጅ ነሳ። እኔ ግን እናቴ በዚያ ድምፅ ስትመርቅ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ መርሳ ስንመለስ ሦስታችንም በዚያችው መኪና ከፊት ነበርን። ሲሪንቃ ደረስን። እዚያ ወንድሜ መሪውን እንደያዘ «የወንድሜ ልቅሶ ነው?» አለ። «የሱ ነው» አለች እናቴ።

ቪዲዮው በማግስቱ ወጣ። ከፊት ያለው ፎቶ እናቴ ናት፤ ግንባሯ ላይ ብር፣ አፏ ክፍት። ከመጀመሪያው የበለጠ ሰው አየው።

በሳምንቱ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ከታች ሰፈር አንዲት እናት ሞታ ጎረቤቶች እናቴን ሊጠሩ መጡ። «እማማ፣ ይነሱልን እንጂ፤ ሰዉ እርስዎን እየጠበቀ ነው» አሏት።

«የኔ ተሸጧል» አለች። «ወልድያ ያለ አንድ ሰው ገዝቶታል። እሱን ጥሩት።»

ቀልድ መስሏቸው ቆሙ። እሷ ነጠላዋን እንደማንኛውም ሰው ጣል አድርጋ ሄዳ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። የሟች ልጆች ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ቃል ሳይወጣላት ሴትዮዋ ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ስንት ቀብር አለፈ፤ እናቴ አንዴም አፏን አልከፈተችም። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ በሞቴ ብዪ ትለኛለች፣ ያን ነገር ግን አታነሳም። ብትቆጣኝ፣ በርበሬውን አፌ ውስጥ ብትጨምርብኝ እላለሁ።

ወንድሜን ለምኜዋለሁ። እግሩ ሥር ወድቄ ፍላሹን ስጠኝ ብዬዋለሁ። «እኔ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም» አለኝ። «አፈር አላለበስኩት፣ አርባው ላይ አልተቀመጥኩ። ለወንድሜ የተባለውን የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። ከልቅሶው የደረሰችኝ ይቺ ናት፤ አትከልክሉኝ።» ምን ልበለው? ድሮ ዘፈን ስለመሰለው ይከፍተው ነበር፤ አሁን ልቅሶ መሆኑን አውቆ ይከፍተዋል። ጠዋት ሲወጣ ይጀምራል፣ እዚያ ዳገት ላይ ወንድማችን የወደቀበት ጋ ሲደርስ ድምፁን ይጨምራል።

ባለፈው ገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆየብን። ሲሪንቃ ሲደርስ ሁልጊዜ ይደውላል፤ አልደወለም። ኔትወርክ የለም አልኩ ለራሴ፤ ሰሞኑን አንዳንዴ ይጠፋል። እናቴ ደጃፉ ላይ ወጥታ ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። አስፋልቱን እያየን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን።

ከሞተሩ በፊት የተሰማው የኔ ድምፅ ነበር። ከሩቅ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዛሬም ይዞት መጣ» አለች። ከዚያ ሳትዞር፣ ውሃ ቅጂ በምትለኝ ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ለሱ የሚሆን ቃል ካሁኑ አዘጋጂ። እኔ የለኝም።»

መኪናዋ ደጃፋችን ላይ ቆመች። ወንድሜ ማንጎ በፌስታል አንጠልጥሎ እየሳቀ ወረደ። ዘፈኑን አላጠፋውም።